ትኩስ፣ ጣፋጭ፣ ወፍራም

ጠዋት ከአዛን በኋላ ተነሥቼ ግቢውን እጠርጋለሁ። መጥረጊያዬ ከኮኮናት ዝንጣፊ ስንጥር የታሰረ ነው፤ ሌሊቱን የረገፈውን የማንጎ ቅጠል እየሰበሰብኩ ወደ አጥሩ ጥግ እወስደዋለሁ። የጃቫው እሳተ ገሞራ መራፒ አመድ በሚተፋበት ሰሞን መጀመሪያ ውሃ እረጫለሁ፤ አለዚያ አቧራው ቤት ይገባል። ከዚያ ሻይ አፈላለሁ። ቅጠሉ መልኩን እስኪለቅ እታገሣለሁ፤ ስኳር አልቆጥብም። በአንድ ብርጭቆ ቀድቼ ላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጥና ከየመንደሩ የመጡትን መልእክቶች እከፍታለሁ። አንዱ ማተሚያው ወረቀት በላብኝ ይላል። ሌላው የሙሽራዪቱን ስም አሳስቼ መዘገብኩ፣ ሰርጉ ደርሷል፣ ይድረሱልኝ ይላል። ለሁሉም እመልሳለሁ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የምጨርስበት ቀን ብዙ ነው።

ያን ማክሰኞ ግን መጥረጊያውን ከእጄ ሳላወርድ የጊያርቶ ሞተር ሳይክል በሩ ላይ ቆመ። ጊያርቶ የካራንግወሩ መንደር ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ሲቸኩል ግን የራስ ቁሩን ማውለቅ ይረሳል።

«ቡ ወኒንግ፣ ምባህ ካርሲ ሞተች» አለኝ ከነራስ ቁሩ። ቡ እንደ ወይዘሮ፣ ምባህ እንደ እማማ ያለ መጠሪያ ነው።

«ኢና ሊላሂ! መቼ?»

«ኮምፒውተሩ ዓምና ነው ይላል። እሷ ግን አሁን ቢሮዬ በር ላይ ቁጭ ብላ የአኩሪ አተር ቴምፔ እየሸጠች ነው። ‹ምባህ፣ ሞተሻል እኮ፤ የዚህ ወር ሩዝ የለሽም› ብላት በቅርጫቷ መታችኝ። ‹ሙት እንዲህ ይማታል?› አለችኝ። ምን ልበላት? አይማታም።»

«ግባና ተቀመጥ። ማን መዘገባት?»

«ማንም። ገንቶንግ ነው የመዘገባት። ቡ፣ ገንቶንግ ዛሬ የኛ አይደለም። የማላውቀው ሰው ሁሉ አለበት።»

ገንቶንግ ባለቤቴ ላንቲፕ የጀመረው ፕሮግራም ነው። የመንደር ጽሕፈት ቤቶች ልደትና ሞትን፣ የመሬት ይዞታንና የእርዳታ ሩዝ የሚደርሳቸውን ሰዎች ይመዘግቡበታል። ስሙ የውሃ ጋን ማለት ነው። ድሮ በየቤቱ ደጃፍ ለመንገደኛ ጋን ይቀመጥ ነበር፤ የተጠማ ሰው ባለቤቱን ሳይጠይቅ ጠጥቶ ይሄዳል። ኮዱም እንደዚያ ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ማንም ይወስደዋል፣ የሚያሻሽለው ካገኘም ያሻሽለዋል። እኔና ላንቲፕ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማርነው በአንድ ክፍል ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ከየቦታው የሚላኩትን ማሻሻያዎች መርምሬ ወደ ዋናው ቅጂ የማስገባው እኔ ነኝ።

ጋኑ የሁሉ ቢሆንም ውሃው የየቤቱ ነው። ስለዚህ ላንቲፕ አንድ ነገር ከኮዱ ውጭ አስቀመጠ፤ ይኸውም የግንኙነት ፋይሉን። አጭር ፋይል ነው። ዳታቤዙ የሚገኝበት ኮምፒውተር አድራሻ፣ የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚው ስም፣ የይለፍ ቃሉ፤ አራት መስመር ብቻ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ይህን ፋይል አንብቦ ወዴት እንደሚሄድና በምን እንደሚከፍት ያውቃል። እያንዳንዱ መንደር የራሱን ፋይል በራሱ ኮምፒውተር ይይዛል፤ ለማንም አይሰጥም። «ኮዱ ይዙር፤ ቁልፉ ከቤቱ አይውጣ» ይል ነበር ላንቲፕ።

ጊያርቶ ፋይሉን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ አምጥቶ ነበር። አሰፋሁት። የመጀመሪያው መስመር ላይ የመንደሩ ኮምፒውተር አድራሻ መሆን ሲገባው፣ የማላውቀው የሩቅ ሰርቨር አድራሻ ተጽፏል።

«ባለፈው ሳምንት ሰው መጥቶ ነበር?»

«ከጃካርታ፣ ከአንድ የኮምፒውተር ኩባንያ መጡ። ለምርመራ ነው አሉኝ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ሽቷቸው እስከ ገበያው የሚሸት። ሻይ ላቀርብ ዞር ስል ጨርሰው ነበር።»

«የይለፍ ቃሉን ሰጠሃቸው?»

«ኧረ እኔ አልሰጠሁም! ራሳቸው ጻፉት። ናስጊተል ነው እኮ፣ ቡ።»

ናስጊተል በኛ ዘንድ ጥሩ ሻይ የሚጠራበት ቃል ነው፤ ትኩስ፣ ጣፋጭ፣ ወፍራም። ላንቲፕ የግንኙነት ፋይሉን መጀመሪያ የጻፈ ዕለት ሻይ ይዤለት ስገባ ዓይኑን ከማያው ሳያነሣ «ምን ይሁን?» አለኝ። ስለ ሻዩ የጠየቀኝ መስሎኝ «ናስጊተል» አልኩት። እሱ የጠየቀኝ ስለ አራተኛው መስመር ነበር። ሳቀና ቃሉን ከኮዱ ጋር አብሮ በሚወርደው የምሳሌ ፋይል ላይ ጻፈው፤ ማንኛውም አዲስ መንደር ፕሮግራሙን ሲያወርድ እንዲነሣለት መነሻ የይለፍ ቃል አደረገው። ከሥሩ «ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ቀይሩት» የሚል ማሳሰቢያ ጨመረ። በሕይወት ሳለ በየመንደሩ እየደወለ መቀየራቸውን ያረጋግጥ ነበር።

«አንተ ቀይረኸው አልነበረም እንዴ?» አልኩት ጊያርቶን።

የማንጎ ቅጠሉን ክምር ያይ ጀመር። «ቀይሬው ነበር» አለ።

«በል የመጀመሪያውን መስመር ወደነበረበት መልሰው። ዳታቤዙ ከኮምፒውተርህ አልወጣም፤ የወሰዱት ቅጂ ነው።»

«ካርሲ ትነሣለች?»

«ትነሣለች።»

«እንግዲያ ልሂድ። ሩዙ ሳትነሣ ቢከፋፈል በቅርጫቱ ሳይሆን በቴምፔ መቁረጫ ቢላዋ ነው የምትመጣብኝ።»

እሱ ከሄደ በኋላ ወደ ሌሎቹ መንደሮች ደወልኩ። ሁሉም ጋ ያው ነው፤ ያው ሸሚዝ፣ ያው ሽቶ፣ ያው አድራሻ። የሁሉም በር የተከፈተው በአንድ ቃል ነው። አድራሻውን ወደነበረበት እንዲመልሱ ነገርኳቸው። ላፕቶፑን ስመለከት ደግሞ ከኩባንያው አንድ የማሻሻያ ሐሳብ ተልኮልኝ አገኘሁ። ርእሱ «ጸሐፊዎችን ከድካም ማሳረፊያ» ይላል። ሐሳቡ የግንኙነት ፋይሉን ጨርሶ የሚያስቀር ነው፤ የኩባንያቸው ሰርቨር አድራሻ በኮዱ ውስጥ እንዲጻፍ፣ ገንቶንግን የሚያነሣ መንደር ሁሉ ሳይጠየቅ ወደዚያ እንዲሄድ። እኔ ካጸደቅሁት በሚቀጥለው ቅጂ የሁሉም መንደር ሰዎች ስም፣ መሬትና ሩዝ በአንድ ኩባንያ እጅ ይገባል። ለመነጋገር ሐሙስ በወረዳው አዳራሽ እንድገኝም ጠይቀዋል።

ሐሙስ ሄድኩ። አዳራሹ ግድግዳ የሌለው፣ በምሰሶ የቆመ ፔንዶፖ ነው፤ ንፋሱ የሁሉንም ሰው ንግግር እኩል ይወስደዋል። ጸሐፊዎቹ ሁሉ መጥተዋል። በየጉልበታቸው ላይ በካርቶን የታሸገ ቁርስ ተቀምጧል፤ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ጣፋጭ ኬክ፣ ኦቾሎኒ። የወረዳው ኃላፊ በአንዱ ጥግ ስልኩን ይነካካል። የኩባንያው ተወካይ፣ ‹ፓክ› በኛ አቶ ነውና፣ ፓክ ብራህማንትያ ይባላል፤ አባቱ ከኛው አካባቢ የሄዱ ናቸው፣ እሱ ግን ጃካርታ ተወልዶ ጃካርታ ያደገ ነው።

«ቡ ወኒንግ» አለኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ነፍሳቸውን ይማርና ፓክ ላንቲፕ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ እዚህ አንደርስም ነበር። እኛ የሳቸውን ሕልም ነው ወደፊት የምንወስደው።»

«ሕልሙን ለእርስዎ ነግሮዎት ነበር?»

ከኋላ አንድ ሰው ኦቾሎኒ አነቀው። ብራህማንትያ ፈገግ አለ።

«እኔ የምለው ቀላል ነው። ጸሐፊዎቹ ምስኪኖች ፋይል ሲነካኩ ይሳሳታሉ። አድራሻው አንድ ሆኖ ኮዱ ውስጥ ይጻፍ። ፋይል አይኖርም፤ ስሕተትም አይኖርም።»

«ምባህ ካርሲን የገደላት ፋይል የነካ ጸሐፊ ነው?»

«እሱማ... ሴትዮዋ አንድ ስም ብቻ ነው ያላት። ሥርዓታችን ሁለት ስም ይፈልጋል። አንድ ስም ያላቸውን በትውልድ ዓመት ነው የሚያገናኛቸው። ሌላ ካርሲ ነበረች፤ ሞታለች። ተደረቡ። ትንሽ ነገር ነው፤ ይስተካከላል።»

«እዚህ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች በሙሉ አንድ ስም ነው ያላቸው፣ ፓክ። እናቶቻቸው አንድ ይበቃል ብለዋል። ሥርዓታችሁ ከጠበበ ሥርዓታችሁን አስፉት፤ ሰው አትግደሉ።»

«እሺ፣ እሱን እናስፋ። ዋናው ነገር ግን ስምምነቱ አለ። እኔ እዚህ ከመምጣቴ በፊት እያንዳንዱን ጸሐፊ በስልክ ጠይቄያለሁ። ሁሉም ‹ኢንጌ› ብለውኛል።» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ብላችሁኝ የለ?»

«ኢንጌ» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ በትሕትና፣ አንገታቸውን እየሰበሩ።

እሱ በድል አየኝ። ኢንጌ አዎ ማለት ነው። ግን ደግሞ ሰማሁ፣ አከበርኩዎ፣ ይሂዱልኝ ማለትም ነው። እኛ ጃቫውያን በእንግዳ ፊት እንቢ አንልም፤ ይሉኝታችን አይፈቅድም። እናቴ ‹ኢንጌ ኢንጌ ይልሃል፣ ስትፈልገው አይገኝም› ትል ነበር። አባቱ ይህን ሳያስተምሩት ጃካርታ አሳድገውታል።

«ፓክ ብራህማንትያ» አልኩት፣ «እነዚህን ሰዎች ‹ቤታችሁን ባቃጥል ምን ይመስላችኋል?› ብለው ቢጠይቋቸውም ኢንጌ ይሉዎታል። ለእኔ ግን እንግዳ አይደሉም፤ በግልጽ ልንገርዎት። አይሆንም።»

በፔንዶፖው ሥር እንዲህ ያለ ቃል ብዙ አይሰማም። ሰው ሁሉ የራሱን ካርቶን ማየት ጀመረ። የወረዳው ኃላፊ እንኳ ስልኩን ዘቅዝቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ያለ እርስዎም ይሠራል እኮ» አለ ብራህማንትያ፤ ድምፁ ከትሕትናው ትንሽ ወጥቶ ነበር። «ኮዱ ክፍት ነው። ወስደን የራሳችንን እናወጣለን።»

«ውሰዱት። ደጅ ላይ የተቀመጠው ለዚያ ነው። ስም አውጡለት፣ አስጊጡት፣ በሚፈልጋችሁ ደጅ አስቀምጡት። ገንቶንግ በሚለው ስም ግን የማንንም መንደር ውሃ ወደ ጓዳችሁ አትቀዱም። የወሰዳችሁትን ቅጂም አጥፉ።»

«እኛ በር አልሰበርንም!» አለ። «ቁልፉ ዓለም ሁሉ የሚያነበው ኮድ ውስጥ ተጽፏል። የጻፉትም ባለቤትዎ ናቸው። ጥፋተኛ ከተፈለገ...» ቀሪውን ተወው።



«አዎ፣ እሱ ነው የጻፈው» አልኩ። «ከሥሩም ‹ቀይሩት› ብሏል። እናንተ አንዷን መስመር አንብባችሁ ሌላዋን ዘለላችሁ። የጎረቤት በር ተከፍቶ ያገኘ ሰው ይዘጋዋል እንጂ ዕቃ አያወጣም።»

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ቁርሴን አልነካሁትም።

ሞተሮቹ ከቆሙበት የተማሪንድ ዛፍ ሥር ጸሐፊዎቹ ደረሱብኝ። ከፊት ያለችው ሱንዳሪ ናት፤ የታችኛው መንደር ጸሐፊ፣ ምላሷ ስለት ነው። ያን ዕለት ግን የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዝ ነበር።

«ቡ፣ እንዳይቆጡን» አለች።

«አልተቆጣሁም። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። ሁላችሁም ናስጊተልን ቀይራችሁ ነበር፤ ላንቲፕ ራሱ አረጋግጧል። ማን መለሰው?»

ተያዩ። ጊያርቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኛው ነን» አለ። «የፓክ ላንቲፕ የሙት ዓመት ጸሎት ዕለት። እርስዎ ወጥ ቤት ነበሩ። እኛ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ሩዝ ስንበላ አንዱ አነሣው፤ ለሳቸው ምን እናድርግ ተባለ። ሐውልት እንዳንሠራ እሳቸው ይስቁብን ነበር። እና...»

«እና ቃላቸውን መለስን» አለች ሱንዳሪ። «ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስንከፍት እጃችን ናስጊተልን ይጽፋል። ደኅና አደሩ፣ ፓክ፣ እንደማለት ነው። ለእርስዎ መንገር አፈርን። ይሉኝታ ያዘን።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

የራስ ቁሬን አጠለቅሁ። መስታወቱንም አወረድኩ። ዝናብ አልነበረም።

«ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ኑ» አልኳቸው ከመስታወቱ ውስጥ። «የየመንደራችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ።»

ዓርብን በኮዱ ላይ ዋልኩ። ሥራው አጭር ነው፤ ያዘገየኝ ርዝመቱ አይደለም። መጀመሪያ የኩባንያውን ሐሳብ አልቀበልም ብዬ ዘጋሁት፤ ምክንያቱን ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ ጻፍኩ። ቀጥሎ መነሻውን የይለፍ ቃል ከምሳሌው ፋይል አወጣሁ። ከእንግዲህ አራተኛው መስመር ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ አይነሣም። ናስጊተል ተብሎ ከተጻፈም አይነሣም። እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበር፤ ፕሮግራሙ አንድን ቃል እንዲከለክል ቃሉን ማወቅ አለበት። በግልጽ ብጽፈው እዚያው ኮዱ ውስጥ ሊኖር ነው፤ እጄም ያን ፈልጎ ነበር። ሆኖም በምስጢር አስሬ ጻፍኩት፤ ማሽኑ ሲያየው ያውቀዋል፣ ሰው ግን አያነበውም። ከዚያ አዲሱን ቅጂ ለሁሉም ለቀቅሁ።

ቅዳሜ መጡ። ምንጣፉን ማንጎው ሥር ዘረጋሁ። አዲሱን ቅጂ ጭነው ለማስነሣት ሲሞክሩ ገንቶንግ ለሁሉም እንቢ አለ። ማያው ላይ የሚወጣው መልእክት እኔ የጻፍኩት ነው፤ «ይህ ቃል አይከፍትም። የራሳችሁን ጻፉ።»

ጊያርቶ ላፕቶፑን ገፋ አደረገው። «ቡ፣ ይህማ አይሆንም። የሳቸውን ቃል ሊያጠፉት ነው?»

«የሱ ቃል የትኛው ነው?»

«ናስጊተል ነዋ!»

«እሱ የእኔ ነው» አልኩት። «ሻይ ይዤ ስገባ ያልኩት ነው። የሱ ቃል ከሥሩ ያለው ነው። ‹ቀይሩት› ነው ያለው። ለጃካርታው ሰው ኢንጌ ብላችሁ ቀለዳችሁ፣ ደግ አደረጋችሁ። ለላንቲፕም ኢንጌ ብላችሁ ልትቀልዱ ነው?»

 ማንጎው ላይ ወፎች ተጣሉ።

«እሳቸው ላይስ አንቀልድም» አለች ሱንዳሪ፣ ላፕቶፗን ወደ ጉልበቷ እየሳበች። «ጊያርቶ፣ ወዲያ ዙር። ዓይንህ ከድሮም ሰው ወጥ ውስጥ ነው።»

«ማን ያይሻል? ይልቅ የባልሽን ስም እንዳትጽፊ፤ አገር ያውቀዋል።»

«አንተ ደግሞ የወደድካትን ሴት ስም እንዳትጽፍ። ሚስትህም ታውቀዋለች፣ እሷም ታውቀዋለች፣ ባሏም ያውቀዋል።»

ሳቁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ከዚያ እንደ ፈተና ተማሪ ጀርባ ለጀርባ ተዟዙረው፣ በክንዳቸው እየጋረዱ፣ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው መንደር ቃል መረጡ። ማንም ለማንም አልነገረም፤ ለእኔም ቢሆን። አንድ በአንድ በየማያው ገንቶንግ ተነሣ። ጋንም በጠጠር ይደገፋል፤ የኛ ጠጠሮች በዚያ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይሳሳቁ ነበር።

ጊያርቶ ሊሄድ ሲል ከቅርጫት በቅጠል የተጠቀለለ ቴምፔ አውጥቶ ሰጠኝ። «ከምባህ ካርሲ ነው። ‹ላስነሣችኝ ሴት ስጥልኝ፣ ለገደሉኝ ግን አልሸጥም በላቸው› ብላለች።»

ሰኞ ከፓክ ብራህማንትያ አጭር መልእክት ደረሰኝ። የመንደሮቹ ኮምፒውተሮች አልከፈት ብለዋቸዋል፤ ለሁሉም የሚጠቅም ስለሆነ አዲሶቹን የግንኙነት ቅንብሮች በተቻለ ፍጥነት እንድልክላቸው በትሕትና ይጠይቃል። እኔም በትሕትና መለስኩለት።

«ኢንጌ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አስታውሶኛል፤ ሁለቴም ኢንጌ ብዬዋለሁ። እኔ ደግሞ የወሰዱትን ቅጂ እንዲያጠፉ ጽፌለታለሁ። መልስ አልሰጠም። ደግሜ እጽፋለሁ፤ ሦስተኛም አራተኛም እጽፋለሁ፤ ጊዜ አለኝ።

ጠዋት ግቢውን እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ መልእክቶቹን እከፍታለሁ። አዲስ መንደር ገንቶንግን ሲያወርድ የምሳሌው ፋይል አብሮት ይሄዳል። ሦስቱ መስመሮች ላይ ምሳሌ ተጽፏል። «ቀይሩት» የሚለው ማሳሰቢያም ከሥር አለ። በአራተኛው መስመር፣ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ፣ ምንም የለም።